የጓሮዬ ሎሚ

ዛሬ ከጓሮዬ የለቀምኩትን ሎሚና መንደሪን በሁለት ዘንቢል ሞልቼ ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። ገንዘቡ ለሰፈራችን ልጆች ደብተር መግዣ ነው። ፍሬው ወዲያው አለቀ። ከፍሬው በላይ የተፈለገው ግን ለመትከያ ብዬ ይዤው የወጣሁት የሎሚው ቅርንጫፍ ነበር! ጤነኛ ከሆነው ዛፍ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያክለውን መርጬ ስንዝር ስንዝር አድርጌ ነው የቆረጥኩት። የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ ግማሹን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ጥላ ስር ማቆየት ነው። ሎሚ እንዲህ ስር ይሰዳል። ለብርቱካን ግን በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ችግኝ ይሻላል፤ ለጠየቁኝ ሁሉ ይህንኑ ነገርኳቸው።

አንዲት እናት "የኔ ልጅ፣ ሲያፈራልኝ እኔም ለልጆቹ አመጣለሁ" ብለው 3 ቁራጭ በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለው ሄዱ። ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም። ለካ 50 ብር ዘንቢሉ ውስጥ ጥለውልኝ ኖሯል፤ ቤት ስገባ አገኘሁት።