ዜግነት የማይጠየቅበት «የዜጎች ሳይንስ»

ሚኒሶታ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሞናርክ ቢራቢሮዎች ላይ መለያ የሚለጥፉ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈለጉ አነበብኩ። ከሥሩ «የዜጎች ሳይንስ» ስለሚል፣ የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና መልስ አላገኘምና አይመለከተኝም ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ግን አላስችል ብሎኝ ደወልኩ፤ ዜጋ አለመሆኔንም አስቀድሜ ተናገርኩ። ስልኩን ያነሱት አሮጊት ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ሳቁና፣ ስያሜው ሙያው ሳይንስ ያልሆነውን ሰው ሁሉ እንደሚመለከት አስረዱኝ።

በሴፕቴምበር አንድ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ተገናኘን። ቢራቢሮዋ በመረብ ትያዛለች፤ ቁጥር ያለበት ትንሽ ክብ መለያ በኋላ ክንፏ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቦታውና ጾታዋ ተመዝግበው እ.ኤ.አ. በ1992 በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ለተጀመረው፣ የቢራቢሮዎቹን ጉዞ ለሚከታተለው ሞናርክ ዎች ለተባለው ፕሮግራም ይላካሉ። ወንዱ በኋላ ክንፎቹ ላይ ባሉት ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች ይታወቃል። የበጋዎቹ ዕድሜ ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ በመጸው የሚጓዙት ግን እስከ ስምንትና ዘጠኝ ወር ይኖራሉ፤ አንዳቸውም አይተውት ወደማያውቁት የመካከለኛው ሜክሲኮ ተራራ መንገድ መሪ ሳይኖራቸው ይበራሉ። ካናዳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፍሬድ ኧርክሃርት በጃንዋሪ 1976 እዚያ ተራራ ላይ ያገኙት መለያ የተለጠፈው እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ የያዝኳት ቢራቢሮ ሞናርክ አልነበረችም። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ የኋላ ክንፏን አቋርጦ የሚያልፈውን ጥቁር መስመር አሳየኝና ሞናርክን የምትመስለው ሌላ ዝርያ፣ ቫይስሮይ መሆኗን ነገረኝ፤ ለቀቅናት፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። ይህ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ስመልስ የተሳሳትኳት አንዲት ቀን በቃለ መጠይቅ ላይ ውሸታም አስመስላኝ፣ ላብ አጥምቃኝ ስለነበር፣ ስህተት እንዲህ በቀላሉ ሲታረም ማየት እንግዳ ሆነብኝ። መዝገቡ ላይ ቀኑን ከመጻፌ በፊት ግን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

በዚያ ቀን ስድስት ለጠፍኩ፤ ቁጥሮቻቸውንም በማስታወሻ ደብተሬ ገለበጥኩ። ሜክሲኮ ውስጥ የተገኙት መለያዎች ዝርዝር ይፋ ሲሆን የእኔዎቹ አልነበሩበትም፤ ሆኖም በኋላ የሚገኙም ስላሉ ተስፋ አልቆረጥኩም። አንዳንድ ጠዋት የጉዳዬን ሁኔታ በመዝገብ ቁጥሬ ከተመለከትኩ በኋላ፣ የእነሱንም ስድስት ቁጥሮች እፈልጋለሁ።