ብሌኑ ከጠራ በኋላ

የዐይን ብሌን (ኮርኒያ የሚባለው፣ ከዐይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ንቅለ ተከላ ካደረግሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። እናቴ ከደሴ ስትደውል «ልጄ፣ አሁንስ ደህና ታያለሽ?» ትለኛለች፤ እዚህ ሜሪላንድም የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ ያንኑ ይጠይቁኛል። ለረጅም ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ገብቶኝ ነበር። ሐኪሙ በመሣሪያው እያየ «ብሌኑ ጥርት ብሏል» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ማታ ማታ አንዱን የመንገድ መብራት ሦስት አራት ሆኖ፣ ጅራት አውጥቶ ነበር የማየው። መነጽር ቢቀያየርልኝም ለውጥ አልነበረውም።

ነገሩ ስፌቱ ላይ ነው። የእኔ ሕመም ኬራቶኮነስ ይባላል፤ ብሌንን እያሳሳ ወደ ፊት ያሾለዋል። ሲከፋ የተጎዳው ብሌን ይነሣና ከሞተ ሰው በተለገሰ ይተካል፤ ዙሪያውንም ከፀጉር በቀጠነ የናይሎን ክር ይሰፋል። ቁስሉ ሲድን አንዱ ጎን ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ክሩ ከወጣ በኋላም የብሌኑ ገጽ ወጣ ገባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ገጽ መነጽር አያስተካክለውም።

ያስተካከለልኝ ስክለራል የሚባለው ሌንስ ነው። ከተለመደው ኮንታክት ሌንስ ሰፊና ጠንካራ ነው። ብሌኑን ሳይነካ ከላዩ እንደ ድልድይ ያልፍና በነጩ የዐይን ክፍል ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለው ጨዋማ ፈሳሽ ወጣ ገባውን ይሞላዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አዶልፍ ፊክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ዙሪክ ውስጥ ከመስታወት ስለተሠራ እንዲህ ያለ ሌንስ ጽፏል። መስታወት ግን ኦክስጅን አያሳልፍም፤ የዛሬዎቹ ያሳልፋሉ። ይህ ለተተከለ ብሌን ትልቅ ነገር ነው፤ ከውስጥ በኩል ብሌኑን ጥርት አድርገው የሚያቆዩት ሕዋሳት ኦክስጅን አጥተው አንዴ ከሞቱ አይተኩምና።

አጠላለቁን መልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌንሱን በትንሽ የጎማ መያዣ ላይ አስቀምጬ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል በሌለበት ጨዋማ ፈሳሽ አፉ ድረስ እሞላዋለሁ። ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ ሽፋሽፍቴን በሁለት ጣት እከፍትና ፈሳሹ በጉንጬ እስኪወርድ ድረስ ወደ ላይ እገፋዋለሁ። የአየር አረፋ ከገባ ይወጣል፣ እንደገና ይሞላል። የቧንቧ ውሃ ፈጽሞ አይነካውም፤ አካንታሚባ የተባለው ተሕዋስ በዚያ መንገድ ገብቶ ዐይን ያጠፋል። ማታም ሳልተኛ አወጣዋለሁ።

ሌንሱ መጀመሪያ በልኬ ተሠርቶ በመጣልኝ ቀን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣሁት የራሴን የጠብታ ጠርሙስ ነበር። ለወራት ዐይኔ ውስጥ ሳንጠባጥበው የኖርሁትን መድኃኒት ስም፣ ከሥሩ ያለውን የማብቂያ ቀን ሳይቀር አነበብሁት። ደጋግሜ አነበብሁት።

የሚያሳዝነኝ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህን የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። የጤና መድንም መጀመሪያ የላከልኝ ደብዳቤ ሌንሱን እንደ መዋቢያ ቆጥሮት ነበር፤ ሐኪሙ ጽፎልኝ ነው የተፈቀደው። በአገራችን የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ሰው በተለገሰ ብሌን ብርሃን አግኝቷል። የሰጪው ቤተሰብ በኀዘኑ መካከል «እሺ» ያለበት ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ በደንብ ሊያይበት ይገባል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ያደረገ ዘመድ ካላችሁና «አይታየኝም» ካለ «ተስፋ የለውም» አትበሉት፤ ስለ ስክለራል ሌንስ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዐይኑ ከቀላ፣ ካመመው፣ ብርሃን ካስቸገረው ወይም እይታው ከደበዘዘ ግን ሌንሱን አውጥቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሰውነቱ ብሌኑን መቃወም ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የግራ ዐይኔም ሕመሙ አለበት። ሐኪሙ አሁን ስለ ቀዶ ሕክምና አያወራም፤ አስቀድመን ሌንሱን እንሞክር ብሎኛል፤ ብዙ ሰው በዚሁ ሌንስ ንቅለ ተከላ ሳያስፈልገው ይኖራልና። የልኬት ቀጠሮዬ በሚመጣው ሳምንት ነው።