ዓይን ያወጣ ቆርቆሮ

እማዬ ቤት የወተት ቆርቆሮ አይጣልም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ አብሹ፣ በሩ የጠፋበት ቁልፍ ሳይቀር የየራሱ ቆርቆሮ አለው። አንዱን ለምኜ ወሰድኩና ሮቦት አደረግኩት። ደረቱ ባለ 900 ግራም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ጭንቅላቱ የቲማቲም ድልህ፣ ክንዶቹ የተበሳ የሻወር ቱቦ፣ ጆሮዎቹ የቢራ ቆርኪ። ለቀረው ምናለሽ ተራ ጎራ ማለት ነው፤ እዚያ ሰው የጣለው ሁሉ ገና ሥራ ያልያዘ ሮቦት ነው።

ባዶ ቆርቆሮ በትራፓኖ ሲበሳ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ከውስጥ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ይወተፍበታል፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት በሚስማር ነጥብ ይመታል፣ መጀመሪያ በ3 ሚሊ ይበሳል፣ የዓይኑ ቀዳዳ ደግሞ በ5 ሚሊ ይሰፋል። ጠርዙ ካልተሞረደ እጅ ይበላል። ከቀለም በፊት በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈተገ ደግሞ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የሮቦቱ አእምሮ የሆነው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ አርዱኢኖ ናኖው፣ ሆዱ ከነካው ሾርት ነው፤ እኔ ከሥሩ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጬ አነጠፍኩለት።

ዓይኖቹ ቀይ ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ኤሌክትሪኩን የሚገታ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር። ቀዩ ከ5 ቮልቱ ወደ 2 ቮልት ይወስዳል፣ የቀረው 3 ቮልት በ220 ሲካፈል ወደ 14 ሚሊ አምፒር ይሆናል፤ ይበቃዋል። «ለሁለቱ አንድ ሬዚስተር ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ፤ አንዱ ዓይን ደመቅ፣ ሌላው እንቅልፋም ይሆናል።

አንገቱ ላይ ኤስጂ90 የምትባል ሰርቮ ሞተር አለች። 9 ግራም ብትመዝን ነው፣ ጥርሶቿም ፕላስቲክ ናቸው። ጭንቅላቱን በአንዴ አዙሪ ካሏት ጥርሷ ይረግፋል። መላው በየ15 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ዲግሪ ብቻ እንድትሄድ ማዘዝ ነው፤ 90 ዲግሪ ለመዞር ወደ 1.4 ሰከንድ ይፈጅባታል። ለሞተሯ ጤና ጥሩ ነው፣ ለሰው ጤና ግን አይደለም። ፈጥኖ የሚዞር አሻንጉሊት ያስቃል፤ ቀስ ብሎ፣ ነገር እያሰበ የሚዞር ቆርቆሮ ሌላ ነው።

ሰርቮዋ ስትነሳ ደግሞ ኤሌክትሪኩን በአንዴ ትስበዋለች። ቮልቴጁ ዝቅ ይልና አርዱኢኖው ጠፍቶ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ መሀል ይመልሳል። ግራ፣ መሀል፣ ግራ፣ መሀል፤ ሲያዩት «እምቢ» የሚል ይመስላል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በሰርቮዋ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መካከል ሲበየድ ነው አደብ የሚገዛው። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ፤ ከተገላበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

በዚህ ሁኔታ እማዬ ሮቦቱን ለእሁድ ቡና ቡፌው ላይ አስቀመጠችው፣ ልክ ከረከቦቱ ፊት ለፊት። ለእንግዳ ማሳየት ፈልጋ ነው።

ደረቱ ላይ ያለችው ነጭ ጉልላት ፒ.አይ.አር. ትባላለች፤ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ናት። ሰው መሆን አለመሆኑን አታውቅም። የምታውቀው ሙቀት ያለው ነገር ፊቷ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። እንግዲህ ቡና ምን እንደሆነ አስቡት። ከሰል የተንቀለቀለበት ማንደጃ ከጓሮ ይገባል፤ ሮቦቱ ቀስ ብሎ ዞረ። ማንደጃው ይራገባል፤ ዓይኑ በራ። የተቆላው ቡና ለማሽተት በየሰው ፊት ይዞራል፤ ዞረ። የዕጣን ማጨሻው መጣ፤ ዞረ።

«ይሄ ነገር የሚዞረው ለምንድን ነው?» አሉ ጎረቤታችን እማማ።

«ሰው ሲያልፍ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ከተቀመጥኩ ቆየሁ! ማን ነው የሚያልፈው?»

ዝም አልኩ። የሴንሰሯ ሁለት ብርቱካናማ ጉትቻዎች በካቻቢቴ ይስተካከላሉ፤ አንዱ ርቀቱን ከ3 እስከ 7 ሜትር፣ ሌላው የምትቆይበትን ጊዜ ከ3 ሰከንድ እስከ 5 ደቂቃ ገደማ። ርቀቱን እስከ መጨረሻው ብቀንሰውም ማንደጃው ከሁለት ሜትር አይበልጥም። አክስቴ ነገሩን ለማብረድ «ያቺ በቴሌቪዥን ያየናት መላጣዋ ዘመዱ ናት?» አለች። ሶፊያ የምትባለውን ሮቦት ማለቷ ነው። ሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው የሶፍትዌር ድርጅት የአይኮግ ላብስ ልጆች እጃቸው አለበት፤ በ2010 ዓ.ም. ወደ እኛ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ቀርቶባት ነበር። የእኔው ቢያንስ ሻንጣ የለውም።

ቶናው ሲቀዳ መብራት ሄደ። ሁሉም ሰው እፎይ አለ፤ በመብራት መሄድ ሰው ሲደሰት ያኔ ነው ያየሁት። ችግሩ ሲመጣ ነው። ይህች ሴንሰር ኤሌክትሪክ ባገኘች ቁጥር ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ ያህል ትፈልጋለች፤ እስከዚያ ማንም ሳይኖር ትቀሰቀሳለች። ሰርቮዋም ስትነሳ ትደነብራለች። ስለዚህ መብራቱ ቦግ ሲል ቆርቆሮው አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያም በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ እማማ ዞረ።

«በስመ አብ!» ሲኒው ተደፋ። እማማ በሃይላንድ የያዙትን ጠበል ከቦርሳቸው አውጥተው ረጩት። 5 ቮልቱ ማንንም አይጎዳም፤ እኔ የሮጥኩት ወደ ቻርጀሩ ነው፣ እዚያ 220 አለ። ነቀልኩት፣ ጠራረግኩት።

እማዬ ግን ልጇ የሠራው ነገር እንዲህ እንዲዋረድ አልፈለገችም። ሽቦውን በቡፌው ጀርባ አሾልካ ከሠርጓ ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጠችው፣ ሰካችው፣ መስታወቱን ዘጋችው። አንድ ሁለቴ ከወዘወዘ በኋላ ጸጥ አለ። ማንደጃው አለፈ፣ ጸጥ። አክስቴ ፊቱ ተወዛወዘችለት፣ ጸጥ።

«አያችሁ?» አሉ እማማ ጠበሉን እያሳዩ።

መስታወት ነው እኮ። የሰው ገላ የሚለቀው ሙቀት በአብዛኛው ከ9 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው፤ ተራ መስታወት ለዓይን ቢያሳልፍም ይህንን አያሳልፍም። የሴንሰሯ ጉልላት ከፕላስቲክ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ይህንን ሁሉ አስረዳሁ። «እሺ ልጄ» አሉኝ እማማ፣ ለታመመ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

በረካ ሊቀዳ ሲል ስኳር አለቀ። ተጨማሪው ቡፌው ውስጥ ነው፣ ከሮቦቱ ኋላ። እማዬ መስታወቱን ገፋ አድርጋ እጇን ሰደደች።

እማማ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ በሩ ጋ ደርሰው ነበር። «በረካውን ቤቴ ላኩልኝ» አሉ።