ከችግኙ በፊት

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

የአትክልት ስፍራ ንድፍ እየተማርኩ መሆኔን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ታዲያ ችግኝ ልትሸጪ ነው?» ችግኝ መሸጥ የተከበረ ሥራ ነው፤ የእኔ ግን ሌላ ነው። እኔ ላቀርበው የምፈልገው ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ሐሳብ ነው። ዛፉ የት ይተከል፣ ጥላው ከሰዓት በኋላ የት ይውደቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት ይውጣ፣ ሰው የት ይቀመጥ። በከተማችን ለዚህ ሐሳብ ገንዘብ መክፈል ገና አልተለመደም። እንደሚለመድ ግን አምናለሁ፤ ኑሮዬንም በዚያ ላይ ላቆም ወስኛለሁ።

ቀን ቀን በአንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ በርቀት እማራለሁ። ትምህርቱ የተዘጋጀው ለእንግሊዝ አገር ነው። እዚያ ተክል የሚመደበው ምን ያህል ብርድ እንደሚችል ታይቶ ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ከኤች 1 እስከ ኤች 7 የሚደርስ የብርድ መለኪያ አለው። ድሬዳዋ ውርጭ አታውቅም። ስለዚህ ያንን ሰንጠረዥ ወደ ጎን አድርጌ የራሴን አዘጋጀሁ፦ ተክሉ ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ ምን ያህል ጥላ ይሰጣል፣ ፍየል ትበላዋለች ወይስ አትበላውም።

ፀሐይንም እንደ አዲስ ነው የተማርኳት። መጻሕፍቱ ወደ ደቡብ የዞረ ግቢ ፀሐይ ያገኛል፣ ወደ ሰሜን የዞረው ጥላ ይበዛበታል ይላሉ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰኔ ቀትር ላይ ከቤቱ በስተ ሰሜን የተቀመጠ ሰው ፀሐይ ያገኘዋል። ከሁሉ የከፋችው ግን የምዕራቧ ናት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በረንዳ ውስጥ ስትገባ ጣሪያ አያግዳትም። የሚያግዳት በትክክለኛው ቦታ የተተከለ ዛፍ ነው፣ ወይም ሐረግ የለበሰ አጥር። ለእኔ የዚህ ሙያ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣበትን ሰዓት አስቀድሞ ማሰብ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ «ልጄ፣ አትክልት ለመትከል ይህን ያህል ትምህርት?» ብሎኝ ነበር። አንድ ማታ በ1 ለ100 ስኬል የሠራሁትን የግቢ ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ስለ አበባው ምንም አልጠየቀኝም። «ውሃው በየት ይወጣል?» አለ። የተዳፋቱን አቅጣጫ የሚያሳዩትን ቀስቶች አሳየሁት። «ሃዲድን የሚጎዳው የባቡሩ ክብደት ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ የሚገባው ውሃ ነው። ያለ ንድፍ አንድ ሜትር አይነጠፍም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ስለ ክፍያው ብቻ ሆኗል፤ እሱም ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኛ ድሬዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከዚራ በንድፍ የተተለመች ሰፈር ናት። ቀጥ ያሉት መንገዶቿና የዛፎቿ ጥላ በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም። ሳይታሰብበት የሚተከል ነገር ምን እንደሚያመጣም እናውቃለን። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ከአሜሪካ ምድር መጥቶ ለበረሃ መሬት መድኅን ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ በዙሪያችንና በአፋር የግጦሽ መሬቱን ወሮ ለአርብቶ አደሩ መከራ ሆኗል። ተክል ከነሥሩና ከነዘሩ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሳያጠኑ መትከል ያስጠይቃል።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ የአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግቢ ነው። ግቢው ዳር እስከ ዳር ሊሾ ነው፤ ሙቀቱን ማታም ይተፋል፣ የዝናቡን ውሃ በሙሉ ወደ መንገድ ይልካል። በ1998 ክረምት ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ያደረሰብንን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ይህን ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ሴትየዋ የፈለገችው ሣር ነበር፣ 100 ካሬ ሜትር ለምለም ሣር። እኔም የለመድኩትን አደረግሁ፤ አሰላሁላት። በእኛ ሙቀት ሣር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በቀን 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ዝም ብላ አየችኝና «ንገሪኝ እንግዲህ፣ ምን ይሻላል?» አለችኝ።

የሚሻለውን ለማወቅ ሊሾውን በሁለት ቦታ አስፈንቅዬ አፈሩን አየሁ። በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጬ አስቀመጥኩት፤ አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ወረደ፣ ሸክላው በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ነበር። ንድፉ በምዕራብ በኩል አንድ ሮቃ አለው። ሮቃ የአፍሪካ ቆላ ዛፍ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል። እስኪደርስ ድረስ ቡጌንቪሊያ የሚወጣበት ዳስ ይሠራል። የድሬዳዋ ዛፍም ጠይቃኝ ነበር፤ ቀይ አበባውን ማን ይጠላል? ሆኖም ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሰራጭ ንጣፍ ያነሣል፣ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ውሃን በቱቦ ቀዳዳዎች ጠብ ጠብ እያደረገ ለተክሉ ስለሚያደርሰው የጠብታ መስኖም ብዙ አሰብኩበት። የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው የከተማችን ውሃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ስለዚህ በቀላሉ ተነቅለው የሚጸዱ ማንጠብጠቢያዎችን መረጥኩ፣ አጸዳዱንም ለአትክልተኛው አሳየዋለሁ።

በዚህ ዕድሜ ሙያ መቀየር ሲያስፈራኝ የማስበው ስለ ስሪላንካዊው ጄፍሪ ባዋ ነው። ጠበቃ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ሉኑጋንጋ የሚባል የተተወ የጎማ እርሻ ገዝቶ ወደ አትክልት ስፍራ መለወጥ ጀመረ፤ ሐሳቡ ከእውቀቱ በለጠበትና ለንደን ሄዶ አርክቴክቸር ተማረ። በሙያው የተመረቀው በ38 ዓመቱ ነው። አትክልቱ ነው ወደ ትምህርት የወሰደው።

የሒሳብ ሥራዬን ዛሬ አልለቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ ጣቢያ እየሄድኩ ከአትክልተኞቹ ጋር እውላለሁ፤ ስንት ዓመት አፈር የነካ ሰው የሚነግረኝ በየትኛውም የትምህርት ክፍል የለም። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በየከተማው አረንጓዴ ቦታ እየተሠራ ስለሆነ ሥራው እንዳለ አያለሁ። ለሴትየዋም የንድፉን ዋጋ ከችግኙና ከጉልበቱ ለይቼ ጻፍኩላት፤ ግማሹን ከፍላለች። ጉድጓዱ በሰኔ ይቆፈራል፣ ሮቃው ሐምሌ ዝናቡ ሲጀምር ይተከላል። እስከዚያ ስለ ውል አጻጻፍ ያለውን ትምህርት ልጨርስና የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገኝን ላሟላ።