ተርሚኒ እንገናኝ

ሰሞኑን ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ሻንጣ ሳይ ሆዴ ይባባል። ዝናቡ ነው መሰለኝ። ክረምት ሲገባ ቤት መቀመጥ ያስጠላኛል፤ መውጣትም ያስጠላኛል። እንዲህ ሆኜ ቁጭ ባልኩበት ያቺ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ቪዛዋ ወጥቶላታል። «ሮምን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የሚጠቅመኝን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ዛሬውኑ!» ትላለች። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ነገ የሚባል ነገር አይገባትም።

እሺ ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሻንጣው። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ አትያዢ አልኳት። ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ካገኙት ይወርሱታል። እናትሽ ግን ቋንጣውን ሽሮው ውስጥ ሊቀብሩት ስለሚችሉ ሻንጣውን ከመዝጋትሽ በፊት ሽሮውን ዳበስ ዳበስ አድርጊው።

የአውቶብስ ትኬት «ቲ» የሚል ትልቅ ፊደል ከተሰቀለበት ሲጋራ መሸጫ ትገዣለሽ። አውቶብሱ ውስጥ እንደገባሽ ማሽኑ ላይ አስመቺው። ያልተመታ ትኬት ይዘሽ ተቆጣጣሪ ከመጣ፣ እንዳልገዛሽ ነው የሚቆጠረው፤ ቅጣቱም አይቀመስም። አንዴ ከተመታ 100 ደቂቃ ያገለግልሻል። ወደ ቫቲካን በ64 ቁጥር ከሄድሽ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪው። ይሄን ለመርካቶ ልጅ መንገር ድፍረት ነው፤ ቢሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ ያዢ፤ በሐምሌ ሙቀት ከጃኬት ይሻላል።

ቡና ቆመሽ ጠጪ። ከተቀመጥሽ ሒሳቡ ሌላ ነው። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ካሸሯ ጋ ትከፍያለሽ፤ ከዚያ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠሽ ታዢያለሽ። ማኪያቶ ስትይ የሚመጣልሽ ወተት ለምልክት ያህል የነካው አንድ ጉንጭ ቡና ነው። አትናደጂ። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ይበልጣል፤ ግን ይሄን እዚያ ጮክ ብለሽ አትናገሪ።

ውሃ ደግሞ በነፃ ነው። ይቺን ጉዳይ ሳስብ እስካሁን ደስ ይለኛል። ከተማው ሙሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ከ2,000 በላይ ናቸው። ወገብ አካባቢ የሚደርስ ድፍን ብረት ሆኖ እንደ ትልቅ አፍንጫ ወደ ታች የታጠፈ ቧንቧ አለው። ውሃው ቀንና ሌሊት ይፈሳል፤ መዝጊያ የለውም። ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥር ሊጠጣ ሲታገል ታያለሽ፤ ያ ቱሪስት ነው። የአገሩ ሰው የቧንቧውን አፍ በአንድ ጣቱ ይደፍነዋል። ያኔ ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ቅስት ሠርቶ ይፈናጠቃል። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ትጠጫለሽ። ቀዝቃዛ ነው፤ ጥርስ ይነካል። ጠጥተሽ ስትጨርሺ ጠርሙስሽን ሙዪ።

ቀጠሮን በተመለከተ ደግሞ ጭንቀት የለብሽም፤ ሮም ያለ ሐበሻ ሲቀጣጠር ተርሚኒ እንገናኝ ነው የሚለው። ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ…

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። የየትኞቹ አምስት መቶ? ልጅቷ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?

የዶጋሊዎቹ ናቸው። በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ምጽዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወደ አምስት መቶ ሰው ነበር። አደባባዩ የተሰየመው ለነሱ ነው። እኛ ሐበሾች እዚያ ቆመን ጓደኛ እንጠብቃለን፤ ስልክ ካርድ እንገዛለን፤ ስለ እንጀራ ዋጋ እናወራለን። ማንም ስሙን ልብ ሲል አላየሁም። እኔም ያወቅኩት ጓደኛዬ ቀጠሮ ስታረፍድብኝ፣ ጊዜ ለመግደል ወደ ጎን ወዳለው መንገድ ወጣ ብዬ ነው። 

ትንሽ አረንጓዴ ቦታ አለ። እዚያ መሐል ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። የሟቾቹ መታሰቢያ ነው፤ ከሥሩ ስማቸው ተጽፏል። ጣቴን አስኬድኩበት። መቼም ሰው ነኝና አሳዘኑኝ። አገሩን እንኳ የማያውቁት ቦታ ተልከው የሞቱ የገበሬ ልጆች ይሆናሉ አብዛኞቹ። ቀጥዬ ደግሞ ተናደድኩ። እዚያው ዶጋሊ ላይ ከአሉላ ወገን የሞተ የአንድ ተራ ወታደር ስም ጥሪ ብባል አልችልም። የነሱን ግን ቆሜ እያነበብኩ ነው።

ይሄ ሐውልት የእኛም ታሪክ አለበት። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ጃንሆይ ሲነግሡ የቆመ ነው። ጣሊያን ዘርፎ ወሰደውና በ1937 እዚህ ሐውልት ሥር ጎለተው። በዚያው ዓመት ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ጣሊያኖቹ ላይ ጎራዴውን የመዘዘው አንበሳውን እዚህ አይቶ ነው ይባላል። አንበሳው አዲስ አበባ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ልጅ ሆኜ እናቴ «አንበሳው ጋ ቁሚ፤ እንዳትንቀሳቀሺ» እያለች ታክሲ ፍለጋ ትሄድ ነበር። ያኔ ለእኔ አንበሳው የታክሲ ምልክት ነው። ከስደት ተመላሽ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሮም እንዲህ ናት፤ በሰላም አታስጎበኝም። ያረፍኩበት ሰፈር ብዙዎቹ መንገዶች የእኛ አገር ስም ነው ያላቸው። ጎንደር አደባባይ አለ፣ ድሬዳዋ መንገድ አለ። ጣና ሐይቅ መንገድ ሄጄ ልብስ አሳጥቤያለሁ! የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውንም ቦታ ሄጄ አየሁ። እንደሚመለስ በ1947 በውል ተፈርሞ፣ ተጓትቶ ተጓትቶ፣ በ2005 ነው ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ የገባው። እና የሌለ ሐውልት ፎቶ አነሳሁ። ስልኬ ላይ አለ፤ መኪናና ዛፍ ነው።

ግን የከነከነኝ ሌላ ነው። የዶጋሊው ድንጋይ ራሱ የጣሊያን አይደለም። የግብፅ ነው፤ የፈርዖኑ የዳግማዊ ራምሴስ። ሮማውያን በጥንት ዘመን ከግብፅ አመጡት፤ ተቀብሮ ኖሮ በ1883 ሮም ውስጥ ተቆፍሮ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ዶጋሊ ላይ ሰው ሲያልቅባቸው መታሰቢያ አደረጉት። የሰው አገር ሊወስዱ ሄደው ለሞቱት፣ ከሰው አገር በተወሰደ ድንጋይ ማልቀስ! ከዚያ ሌላ ዘርፈው ያመጡትን አንበሳ ደግሞ ከሥሩ አስቀመጡበት። ይሄን ሁሉ አስቤ ስጨርስ ለራሴ ብቻ ቂም መያዜ አሳፈረኝ። ግብፃውያንስ? ተርሚኒ አካባቢ የሚሠራ ግብፃዊ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል? የወፍ ምስሉን፣ የንጉሡን ስም ሲያይ አንጀቱ ይላወሳል? ወይስ እሱም እንደ እኔ የታክሲ ምልክት ነው የሚያደርገው?

ለነገሩ የሚጠየቅ ሰው አላጣሁም። ካረፍኩበት ቤት በታች ፍራፍሬ የሚሸጥ ግብፃዊ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ ኮኩን እንደ ጌጣጌጥ ደርድሮ አንዱን ካነሣሽበት ይቆጣል። አንድ ማታ ቆርጬ ገባሁ። በተሰባበረች ጣሊያንኛዬ ዓረፍተ ነገሩን መንገድ ላይ ተለማምጄ ነው የሄድኩት። «የተርሚኒን የድንጋይ ሐውልት ታውቀዋለህ?» ልለው።

ከየት ነሽ አለኝ ቀድሞ።

ኢትዮጵያ አልኩት።

እጁ ላይ ያለውን ኮክ አስቀመጠ። «ኒሎ!» አለኝ። ዓባይ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ስለ ግድቡ ጀመረ። ሞላ ወይ? ስንት ተርባይን ሠራ? ክረምቱስ እንዴት ነው? የአስዋንን አነሣ፣ የመንደራቸውን እርሻ አነሣ፣ አባቱን አነሣ። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ግማሽ ደግሞ እንዴት እንደምመልስ አላወቅኩም። የኢትዮጵያ መንግሥት ቃል አቀባይ ሆኜ ኮክ መሐል ቆምኩ። ስለ ራምሴስ ጥያቄዬን የት ላስገባ? መሐል ላይ ትንፋሽ ሲወስድ አፌን ከፈትኩ፤ «ሁለት ኪሎ» የሚል ቃል ወጣ።

መዘነልኝ። አንድ ኮክ መረቀልኝ፤ «ለዓባይ» ብሎ። ይሙት፣ ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሹፈት ነው? ዕርቅ ነው? ደግሞስ ያን ሁሉ ኮክ ብቻዬን ምን ላደርገው ነበር?