ሊቀመንበር የሌለበት እንቁጣጣሽ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ!

ዘንድሮ በዓሉ ሐሙስ ላይ ውሏል። ዳላስ፣ ቴክሳስ ለምንኖር ሰዎች ሐሙስ ማለት ሥራ ነው። ግማሻችሁ ይህን የምታነቡት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግማሻችሁ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ መሆኑን አውቃለሁ። አለቃችሁን አስፈቅዳችሁ ቤት የዋላችሁ ካላችሁ ቀንቻለሁ። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዶሮው ይጣፍጥላችሁ። ልጆች አደይ አበባ ይዘው በራችሁን የሚያንኳኩበት ሰፈር ያላችሁማ ምን እመርቃችኋለሁ፣ ተመርቃችኋል።

የዘንድሮው ምኞቴ ግን ትንሽ ክርክር አለበት። ብዙዎቻችሁ "ሊቀመንበር" የምንለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ማንም ሳይመርጠው የማንኛውንም ቡና ክርክር ስለሚመራ ነው። ተራ ይሰጣል፣ ሰዓት ይይዛል፣ የራሱን ሰዓት ግን ማንም አይዝበትም። ግንቦት ላይ አጣነው። 63 ዓመቱ ነበር። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች ጤና መድን የሚጀምረው በ65 ነው። ቁጥሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

አቋሙ የታወቀ ነበር። ጤናም፣ ጡረታም፣ ትምህርትም ከአንድ የማዕከል ካዝና ይውጣ፣ ዜጋ በሚኖርበት መንደር አይመዘን ባይ ነው። እኔ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደር ሰው ነኝ። "ከላይ የመጣ መመሪያ ነው" የሚባለው ነገር ስንት ሥራ እንዳበላሸ እያየሁ ነው ያደግሁት። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ሲቋቋም የነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ዓይንና ጆሮ ሆነ። ዛሬም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል፤ ወረዳው ግን ዓይኑ ከላይ በሚወርድለት በጀት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሊቀመንበር ያቋርጠኛል። "አንቀጽ 39ን ስትከራከሩ ታነጋላችሁ። ኦስቲን ያለው ተወካያችሁ ስሙ ማን ነው?" ይለናል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ኦስቲን የሚቀመጠው የቴክሳስ ምክር ቤት በመደበኛነት በሁለት ዓመት አንዴ፣ ለ140 ቀን ብቻ እንደሚሰበሰብ የሰማሁት ከእሱ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስኳር ነበረበት። ታክሲ በደንብ በሚነዳበት ጊዜ በኦባማኬር የተደጎመ ኢንሹራንስ ነበረው። በኋላ እግሩ ቆሰለ፣ ዓይኑም ደከመ። የሥራ ሰዓቱን ቀነሰ። ገቢው ከድህነት ወለል በታች ወረደ። ወለሉ በ2025 ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነበር። ከዚያ በታች ሲወርድ ድጎማው ተቋረጠ። ልብ በሉ፣ የተቋረጠበት ስለደኸየ ነው።

ይህ የሆነው እንዲህ ነው። ኦባማኬር የምንለው የ2010ሩ ሕግ ሲወጣ ከወለሉ በታች ያለውን ሰው ሜዲኬይድ፣ ማለትም የድሆች የመንግሥት ጤና መድን፣ ይሸከመዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ስለዚህ ድጎማው የተሠራው ከዚያ በላይ ላለው ሰው ነው። በጁን 2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜዲኬይድን አስፉ ተብለው ስቴቶች ሊገደዱ አይችሉም ብሎ ወሰነ። ከወጪው 90 በመቶውን ዋሽንግተን ትከፍላለች። ቴክሳስ ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለችም። ልጅ የማያሳድግ ጎልማሳ እዚህ የፈለገውን ያህል ቢደኸይ፣ በድህነቱ ብቻ ሜዲኬይድ አያገኝም።

ሊቀመንበር ኢንሱሊኑን እየቆጠበ መወጋት ጀመረ። ለማንም አልተናገረም። የሰማነው ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ነው።

ያኔ ታሪኩ ተገለበጠ። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ሕግ፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በቂ ዘመን ሠርቶ ግብር ከከፈለ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሜዲኬር ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) በተገባ በአራተኛው ወር ነው። ቴክሳስም ሆነ ቨርጂኒያ ልዩነት የለውም። ለመድኃኒቱ የሚከፍል ጠፍቶ ለማሽኑ ካዝናው ተከፈተ። "አየህ፣ ማዕከሉ ደረሰልኝ" ይለኝና ይስቃል። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ታናሽ እህቱ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ናት። ሆቴል ታጸዳለች። የእናታቸው ስኳር እሷንም አልማራትም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሜዲኬይድን ስላሰፋች ካርድ አላት፤ ሐኪሙም ኢንሱሊኑም በዚያው ነው። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች፣ ሁለቱም የአንድ ሀገር ዜጎች ናቸው። ሊቀመንበር ዳላስ ላይ የከፈለው የፌደራል ግብርም ያ ካርድ ውስጥ አለ። "እህቴን እያሳከምኩ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር።

ታዲያ ለምን ወደ እሷ አልሄደም? የስቴቶችን ነፃነት የሚወዱ ሰዎች መልሳቸው ይህ ነው፦ ያልተመቸው ይሂድ፣ አገሩ ሰፊ ነው። እህቱም ለምናዋለች። ግን እድሩ ዳላስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳላስ ነው። ቁስሉን የሚያጥብለት፣ ፋርማሲ የሚያደርሰው ሰው ዳላስ ነው። እኔ አካባቢ፣ አካባቢ የምለው ነገር ይኸው አይደል? ከጎረቤቶቹና ከመድኃኒቱ አንዱን እንዲመርጥ መደረጉ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዲያሊሲስ ቤቱ ውስጥ የኬረላ፣ የሕንዷ ክፍለ ሀገር፣ ልጅ የሆነች ነርስ ነበረች። ሁሌ ምን እንደምንጨቃጨቅ ጠየቀችን። ነገርናት። ኬረላ ከ1996 ጀምሮ ከልማት በጀቷ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነውን ለመንደርና ለከተማ ምክር ቤቶች ማከፋፈል ጀምራለች፤ ጤና ጣቢያዎቹም ከእነሱ ሥር ናቸው። "ጣሪያው ሲያፈስ ለማን እንደምንጮህ እናውቃለን፣ ወጪው ግን በመንደራችን ጫንቃ ላይ ብቻ አልወደቀም" አለችን። ሁለታችንም እኔን ደገፈች ብለን ወጣን።

እስካሁን የክርክሬን ግማሽ አልለቀቅኩም። በምን ቋንቋ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ሰፈር ላይ ክሊኒክ ይከፈት የሚለውን ዋሽንግተን ያውቃል ብዬ አላምንም። ሰውየው ይታከም ወይስ አይታከም የሚለው ግን የስቴት ወሰን ሊቆርጠው አይገባም። ለዚህ የሊቀመንበር ተወዳጅ ማስረጃ 1966 ነው። ሜዲኬር ሥራ ሲጀምር፣ ጥቁሮችን ለይቶ የሚያስተኛ ሆስፒታል ገንዘቡን አያገኝም ተባለ። በጥቂት ወራት ውስጥ በደቡብ ብዙ ሆስፒታሎች ክፍሎቻቸውን ቀላቀሉ። የአካባቢያችን ወግ ነው ሲባል የኖረው ነገር በአንድ የገንዘብ ቅድመ ሁኔታ ፈረሰ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

አሁን ወደ ምስጋናው። በሌሊት እየተነሳችሁ ተራ ገብታችሁ ያመላለሳችሁት ሾፌሮች፣ በዓል ይሁንላችሁ። ጨው የሌለው ሽሮ ሠርታችሁ "ይሄ ምግብ ነው?" ተብላችሁ የተሰደባችሁ እህቶች፣ እሱ ሌላ ሰው ሲሰማ ሙያችሁን አውርቶ አይጠግብም ነበር። የሐኪሙን ወረቀት በስልክ የተረጎምሽልን የሌሊት ፈረቃ ነርስ፣ እግዜር ይስጥሽ። ደሴ ሄዳችሁ ለእናቱ በማለዳ መርዶ ያረዳችሁ አባቶች፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

የእድራችን ሰዎች፣ ገና ለቅሶው ሳይበርድ አስከሬኑን ለመሸኘት የሚበቃ ገንዘብ ሰበሰባችሁ። ኮርቼባችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ደግሞ አትቀየሙኝ። ለሞት እንዲህ የተደራጀን ሰዎች ለሕመም ምንም የለንም። ቢኖረንም አይበቃም። የአንድ እድር አባላት የአንድ ሰው ዲያሊሲስ እንኳ ከጥቂት ወር በላይ አይችሉም። በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሀገር ቤት በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ይህ ጣጣ አለበት። ካዝናው የወረዳ ብቻ ሲሆን ጥቂት ከባድ ሕመምተኞች ያራቁቱታል። መዋጮ ሰብሳቢውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ያምነዋልም። ገንዘቡ ግን ከሰፊ አገር መምጣት አለበት።

እህታችን፣ አንቺ አሌክሳንድሪያ ያለሽው፣ ዘንድሮ እንባሽ ይድረቅ። እግረ መንገዴን፣ በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ከ2027 መግቢያ ጀምሮ እንዳንቺ ዓይነት ካርድ ካላቸው ብዙዎች በወር የ80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስረጃ ይጠይቃል። የደመወዝ ወረቀትሽን አትጣይ። ለአንቺ ከዚህ የተሻለ የእንቁጣጣሽ ስጦታ አላገኘሁም።

ዳላስ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ እኔ ቤት ኑ። ዶሮው በእኛ፣ ጠላው በእናንተ። የኢንሹራንስ ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይከፈታል። ኩሽና መሳቢያ ውስጥ የቆለላችሁትን ያልተከፈተ ፖስታ ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።