አራተኛው ገጽ

ለአየር 40 ደቂቃ ቀርቶናል። እኔ ማይክ ላይ ነኝ፣ ጋሼ ከመስታወቱ ወዲያ ሚክሰሩ ላይ። ብላይንድ ፌዝ ስለሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የጻፍኩትን እያነበብኩ ሦስተኛ ገጽ ላይ ስደርስ ቀረጻውን አቆሙት። ድምፄ የተበላሸ መስሎኝ ደገምኩት። አሁንም አቆሙት።

«ባንዱን ያፈረሰው ሳይጠራ የመጣው ድራመር፣ ጂንጀር ቤከር ነው» ይላል ዐረፍተ ነገሩ።

«ማን ነው ያለሽ?» አሉኝ በሄድፎኑ።

ጋሼ ወጣትነታቸውን በሆቴል ባንድ ድራም ሲመቱ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ቤከርን የሚያውቁት ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋር በተጫወተው ሸክላ ነው። ለሙያ ባልደረባቸው የተቆረቆሩ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ሁሉም የሚለው ነው። ቤከር ከክላፕተን ጋር ክሪም የሚባል ባንድ ውስጥ እያለ ከቤዚስቱ ከጃክ ብሩስ ጋር ሲጣላ ነው የኖረው። ጊታሪስቱ ክላፕተን እንኳ ቤከር እዚህ ባንድ እንዲገባ አልፈለገም ነበር። ዘፋኙ ዊንውድ ነው ያግባባው።»

«አስቸጋሪ አይደለም አላልኩም። አፍርሷል ወይ ነው የምልሽ።»

ተነስተው ስቱዲዮ ገቡ። ስክሪፕቱን ከእጄ ወሰዱና እርሳስ አወጡ። «መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጡት መቼ ነው?» ነገርኳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ጁን 7፣ ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ፣ 100,000 ያህል ሰው ፊት። «የመጨረሻውስ?» ኦገስት 24፣ ሃዋይ። ጋሼ ኅዳጉ ላይ ደመሩ። 78 ቀን። ቀኖቹን ራሴ ጽፌያቸው፣ ራሴ ግን አልቆጠርኳቸውም ነበር።

«እኛ ለአንድ የበዓል ዋዜማ አንድ ወር እንለማመድ ነበር» አሉኝ። «እነዚህን ልጆች ገና ሳይዋሃዱ ሃይድ ፓርክ አወጧቸው። ከዚያ አጭር የስካንዲኔቪያ ጉዞ፣ ወዲያው ደግሞ አሜሪካ፣ የኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ያላቸው ዘፈን ስንት ነው?» አልበሙ ላይ ስድስት ነው፤ አንዱም የአሜሪካዊው ዘፋኝ የባዲ ሆሊ። «ታዲያ ሕዝቡ የክሪምን ዘፈን አምጡ ቢል ምን ይገርማል? ይሄም የድራመሩ ጥፋት ነው?»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። የፕሮግራም ኃላፊያችን ደግሞ በየስብሰባው የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ጥፋተኛ የሌለበት ታሪክ አድማጭ አይዝም።» ጥፋተኛ አግኝቼለታለሁ፤ ምን ቀረኝ?

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቅዱልኝ» አልኩ።

ወረቀቱን ገልብጠው አራተኛውን ገጽ አሳዩኝ። እዚያ በራሴ እጅ የጻፍኩት አለ። ባንዱ በተበተነ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1970 መጀመሪያ፣ ቤከር ኤር ፎርስ የሚባል ትልቅ ባንድ አቋቋመ። ዊንውድና ቤዚስቱ ሪክ ግሬች አብረውት ገቡ።

«ቤትሽን ካፈረሰ ሰው ጋር በማግስቱ ሌላ ቤት ትሠሪያለሽ?» አሉኝና ወደ ሚክሰሩ ተመለሱ።

መልስ አልነበረኝም። ግን ዐረፍተ ነገሩን አልሰረዝኩትም። እንዳለ አነበብኩት፣ እንዳለ ተላለፈ። ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው ቀዱልኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ዝምታቸው ነው። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር።

በሳምንቱ ማስተካከያ ላነብ ፈለግኩ። ኃላፊያችን «ማንም ያነሳው የለም፣ ምን አስነሳሽ?» አለ። ለፕሮግራሙ ብዙ ሰው ደውሎ ስለነበር አመሰገነኝም። ያን ምስጋና መቀበል ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ «በእሱ ምክንያት ፈረሰ» የሚል ነገር ስጽፍ፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ከማን ጋር እንደሠራ አያለሁ። ብላይንድ ፌዝንም እንደገና አነበብኩ። በአሜሪካው ጉዞ ክላፕተን ከራሱ ባንድ ይልቅ መድረክ ከሚያሞቁላቸው ከአሜሪካውያኑ ጥንድ ዘፋኞች ከደላኒ እና ቦኒ ጋር መሆን ይመርጥ ነበር። በኋላም ከእነሱ ጋር ሄዷል። አልበማቸው በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጥቶ፣ ባንዱ ግን የለም። እኔ ዛሬ ክላፕተን ልቡን ቀድሞ ስላነሳ ነው የፈረሰው እላለሁ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «አሁን ደግሞ ጊታሪስቱን ያዝሽው» አሉኝ። አልሳቁም። እኔም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ከወራት በኋላ የምሽት ተረኛ ሆነን ተገናኘን። በኃላፊያችን ሕግ አንድ ዘፈን ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። አልበሙ ላይ ቤከር ራሱ የጻፈው፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሥራ አለ። እሱን ሰጠኋቸው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ አዩኝ። ይቀጥል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የድራሙ ሶሎ ሲመጣ ድምፅ መቀነሻው ፌደር ላይ ያለውን እጃቸውን አነሱና ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ።